የኋላው ጎማ ለምን እንደታከከ

ውድ ላቮን፣

ፖስታውን ስትከፍቺ አንዲት ትንሽ ብረት ዱብ ብላ ከሆነ አትጣያት። ወደ ጎን አድርጊያትና ንባብሽን ቀጥዪ፤ ምን እንደሆነች በተራዋ እነግርሻለሁ። ነገር ከመካከል መጀመር እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። አርሊስ ከትከሻሽ በላይ አንገቷን አስግጋ እያነበበች ከሆነም ግድ የለም። እህትሽ ስለ እኔ ከምታስበው የከፋ ነገር እዚህ ውስጥ ብዙ የለም፤ አንድ ብቻ ነው ያለው።

በእሁድ ስልካችን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ አስቤ ነበር። ሦስቱንም እሁድ ስለ ጣሪያው አሸንዳ አውርተን ዘጋን። አሸንዳው ደህና ነው። በስልክ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሞተር ሳይክላችን ነው። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል ትዪኝ ይሆናል።

ከአራት ዓመት በፊት መጋቢት ላይ ወገብሽን አመመሽ። ክረምቱን በቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፍ ሳጥን ስታነሺ ነው ያመጣሽው። ሞተሯ ላይ የምትደገፊው መደገፊያ ዝቅ ብሎ አይመችሽም ነበርና በአንድ ስንዝር ከፍ ላደርግልሽ ተነሣሁ። ላንቺ ብዬ ነበር ያደረግኩት። ኋላ የመጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ መጻፍ አለብኝ።

መደገፊያው በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎኖቹ ከላይ ይገባሉ፣ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ በስተው ያልፋሉ፣ ከታች በዳዶ ይጠብቃሉ። ሦስቱን አሰርኩ። አራተኛው ከእጄ አምልጦ በራችን ላይ ያለው ጠጠር ውስጥ ገባ። ማግኔት በገመድ አስሬ ጠጠሩ ላይ ጎተትኩ፣ አጣሁት። ሱቁ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው። ግን መደርደሪያው ላይ የአባቴ የብሎን ጣሳ አለ፤ እኛ አገር ደግሞ ጣሳ ያለው ሰው ብሎን ገዝቶ አይገባም፣ ጎረቤት ቢያየው ምን ይለዋል? ከአሮጌው የበቆሎ መዝሪያ የተፈታ አንድ ብሎን አገኘሁ። ውፍረቱ ልክክ አለ። ርዝመቱ ትንሽ ይተርፍ ነበር፤ ቢተርፍ ማንን ይጎዳል ብዬ የሚያብረቀርቀውን ራሱን ወደ ላይ አድርጌ አጠበቅኩት። ይህን ብሎን ያዢልኝ።

ያ ጸደይ ዝናባም ስለነበር ሞተሯ እስከ ግንቦት ከጋራዥ አልወጣችም። የመጀመሪያ ጉዟችን የሞተረኞች ክበባችን ቁርስ ነበር፣ ስልሳ ማይል። ስማችን በጀርባው የተጠለፈውን ሰደሪያ ለብሰን ወጣን። የባቡር ሐዲዱን ስንሻገር ከታች «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ዴል፣ ከሥሬ የሆነ ነገር ይጮሃል» አልሽኝ በሄልሜቱ ማይክ።

«ንፋስ ነው።»

«ንፋስ የተቃጠለ ጎማ አይሸትም።»

ቆምኩና አየሁ። ጎማው በደንብ ተነፍቷል፣ ቸርኬው አልተጣመመም። ጭነት የሚሸከመውን የኋላ የአየር ሞላ ማብሪያዋን ተጭኜ ነፋሁት፣ ሞተሯ ወገቧን ቀና አደረገች፣ ድምፁ ቀነሰ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ግን ተመልሶ ይመጣል። እኔ ደግሞ እየነዳሁ አሰብኩ። ሞተሯ ያው ናት፣ እኔም ያው ነኝ፣ ታዲያ ክረምቱን የተለወጠው ምንድን ነው አልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንቺም ነበርሽ። ቢሆንም የሂልዳ ደንብ «ከመጀመሪያው፣ ሳይቆረጥ» ስለሚል እኔም ሳልቆርጥ እጽፋለሁ።

ሂልዳ ኦርቫል ከማረሻ ስብርባሪ በይዶ የሠራት የብረት ዶሮ ናት። ኦርቫል የክበባችን ሰብሳቢ ነው፤ ሰብሳቢ የሆነውም ሌላ የሚፈልግ ሰው ስለጠፋ ነው። በየወሩ ቁርስ ላይ የወሩን ትልቅ ጅልነት የሠራ ሰው ሂልዳን ይቀበላል። እስከሚቀጥለው ቁርስ ሞተሩ ላይ አስሯት ይዞራል። መንገድ ላይ «ዶሮዋ ምንድን ናት?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ጅልነቱን ከመጀመሪያው፣ ሳይቆርጥ ይናገራል። ነዳጅ ማደያ ላይ ደግሞ የማይጠይቅ ሰው የለም።

ያን ቀን ሂልዳ የዱዌን ነበረች። ዱዌን ካርታ አላይም ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ተቃራኒው ነድቶ ካንሳስ ገብቷል። ሃያ ሁለት ሰው ፓንኬኩን እየጎረሰ ይስቅበት ነበር። ኦርቫል ኩባያውን በማንኪያ እያንኳኳ «ሌላ ተወዳዳሪ አለ?» አለ።

እኔም ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አራት ዓመት አስቤበታለሁ። ሰው ሲስቅ አየሁና እኔም ላስቅ አልኩ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም።

«ጎማዬ ፓራፋንጎዬን እየበላብኝ ነው» አልኩ። «መርምሬያታለሁ፣ ሞተሯ ጤነኛ ናት። ችግሩ ጭነቱ ነው። ጭነቱ ክረምቱን ቤት ተቀምጦ ድንች ሲበላ ከርሟል።»

ሳቁ ቤቱን አናጋው። ከሁሉም በላይ የሳቀው ዱዌን ነው፤ ማምለጫ ቀዳዳ ታየው።

«ኧረ ፍርድ ይስተካከል!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። «እኔ ካንሳስን ነው ያየሁት፣ አገር ማየት ጅልነት ሆነ እንዴ? ድንቹን የበላች ዶሮዋንም ትሸከም!»

«አንተ፣ ተው አፍህን ያዝ» አለችው በርናዲን፣ የኦርቫል ሚስት። እሷም ብትሆን ከንፈሯን ነክሳ እየሳቀች ነበር።

ሹካሽን አስቀመጥሽ። «ስጡኝ» አልሽ። ዱዌን ሂልዳን በሁለት እጁ አቀበለሽ፣ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቢሆንም እጄን ማጨብጨብ ማቆም እችል ነበር።

ስንመለስ ሂልዳን ከኋላ እንዳስራት አልፈቀድሽልኝም። ጭንሽ ላይ ታቅፈሻት ሄድሽ። ማደያው ላይ የገበሬ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ጠጋ አለሽ።

«እመቤት፣ ዶሮዋ ምን አጠፋች?»

እኔ ነዳጅ እየቀዳሁ ነበር፤ በመካከላችን ሦስት እርምጃ ነው ያለው። አንቺም በዚያ በቤተ መጻሕፍት ድምፅሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ እንዲህ አልሽው፦ «ባለቤቴ ወፍረሻል አለኝ። ሞተሯ አንቺን መሸከም አቅቷት ጎማዋ ታከከ አለ። ይህንንም ለጓደኞቻችን ነገራቸው። ሳቁ። ከዚያ ዶሮዋን ሰጡኝ።»

ሰውየው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ወደ እኔ አየ። «ይቅርታ እመቤት» ብሎ ወደ ፒክአፑ ሄደ። እኔ የነዳጁን ክዳን አጠበቅኩት። በጣም ከማጥበቄ የተነሣ ኋላ ለመክፈት ፒንሳ አስፈልጎኛል።

እስከዚህ ያለውን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ሰኞ ነው።

ሰኞ ጠዋት አንቺ ሥራ ገብተሽ እኔ ሞተሯን በክሪክ አነሣሁና በጀርባዬ ተኝቼ ባትሪ አበራሁ። ጎማ ከፓራፋንጎ ጋር ሲታከክ ሰፊ ቦታ ይልጣል፣ ያብለጨልጫል፤ ይህን ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ። የኔ ጎማ ላይ የነበረችው ግን አንዲት ቀጭን መስመር ናት፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል፣ ዙሪያውን የዞረች። እጄን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አስገብቼ ዳሰስኩ። የአባቴ ጣሳ ብሎን ጅራቱን ቁልቁል ዘርግቶ ቆሟል። ጫፉ በጎማው ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል።

እንዳይሆን ተመኝቼ መሰለኝ፣ በዚህ አላበቃሁም። ከምድር ቤት የቧንቧ ውሃችንን የምናለሰልስበትን ጨው አንድ ከረጢት አወጣሁ። አሥራ ስምንት ኪሎ ነው። ሞተሯን አውርጄ ከረጢቱን መቀመጫሽ ላይ አስቀመጥኩ፣ የብሎኑን ጫፍ ጠመኔ ቀባሁ፣ ፊት ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ዘለል ዘለል አልኩ። ወርጄ ሳይ ጎማው ላይ ነጭ ነጥብ አለ።

አሥራ ስምንት ኪሎ፣ ላቮን። የአምስት ዓመት ሕፃን ከኋላ ባስቀምጥም ይታከክ ነበር።

ብሎኑን ከዳዶው ሥር በብረት መጋዝ ቆረጥኩት፣ በሞረድ አለሰለስኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው። ከዚያ አራት ከረጢት ጨው ጭኜ እንደገና ዘለልኩ። ጎማው ምንም አልነካውም።

ራት ላይ «ሞተሯን ጠገንኳት» አልኩሽ።

«ምን ሆና ነው?»

ያን ጊዜ ቁራጯ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበረች። አፌንም ከፍቼ ነበር። የታየኝ ግን የሚቀጥለው ቁርስ ነው፦ የዱዌን ፊት፣ ጭብጨባው፣ ወር ሙሉ በየማደያው ቆሜ «በራሴ ብሎን ሚስቴን ወነጀልኩ» ስል።

«የኋላው ሞላ ላይ አየር ጨመርኩበት» አልኩሽ። «አሁን ይሸከማል።»

«ጥሩ» አልሽ። ሳህንሽ ላይ የነበረውን ድንች ለሁለት ከፈልሽና ግማሹን ወደ ጎን አደረግሽው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር ግማሽ መብላት ያዝሽ። ግማሽ ዳቦ፣ ግማሽ ኬክ፣ በገና ግማሽ የዝይ እግር። ጠዋት ጠዋት በጠጠሩ መንገድ እስከ እህል ጎተራው ሄደሽ ትመለሻለሽ፣ ዝናብም ሆነ በረዶ። እኔ ቡናዬን ይዤ በኩሽናው መስኮት አይሽ ነበር። ቀሚሶችሽ ሲሰፉብሽ አየሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ የምታቆሚውን ነገር ዓመት ሙሉ ቆሜ አየሁት። ቁርሱ ላይ ጅል ነበርኩ። ከሰኞ በኋላ ያደረግኩት ግን ጅልነት አይባልም፣ ስሙን ሳውቀው ነው ያደረግኩት። አርሊስ፣ አንድ ብቻ ነው ያልኩሽ ይህ ነው።

በጥር አንድ ጠዋት ከጎተራው ስትመለሺ ቤታችን አቅራቢያ በረዶ አዳልጦሽ ወደቅሽ፣ ቁርጭምጭሚትሽ ተጣመመ። ሮጬ መጥቼ ተሸክሜሽ ወደ ቤት ገባሁ። ቀለልሽኝ፤ ከጠበቅኩት በታች ቀለልሽኝ። አንገቴን ይዘሽ፣ ሕመሙ ፊትሽን እያጨማደደው፣ «ሞላህ ቻለ?» አልሽኝ። እየቀለድሽ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር፣ እግሬም ቤቱ እስኪደርስ አርባ እርምጃ ያህል ነበረው። አርባውንም እርምጃ ዝም ብዬ ጨረስኩት።

«እንውጣ?» ባልኩሽ ቁጥር «ሞላዋን አሳርፋት» ትዪኝ ነበር። ሄልሜትሽን በፎጣ ጠቅልለሽ መደርደሪያው ላይ፣ ከጣሳው ጎን አስቀመጥሽው። እኔም መጠየቅ ተውኩ። አንድም ቀን አልተጣላንም፤ ብንጣላ ይሻል ነበር። ከዚያ «የአርሊስ ዳሌ እስኪድን» ብለሽ እሷ ወዳለችበት ወደ ያንክተን ሄድሽ። የአርሊስ ዳሌ ድኖ እንደውም ትጨፍራለች አሉ። አንቺ አልተመለስሽም። ሰው ሲጠይቀኝ «እህቷን እያስታመመች ነው» እላለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዳሌ ሳመካኝ ኖርኩ።

ባለፈው ወር ክበቡ ተዘጋ። ሰባት ሰው ነው የቀረነው፤ ከሰባቱም ሁለቱ በመኪና ነው የመጡት። ኦርቫል ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሞተሩን ሸጧል። ሂልዳን ጠረጴዛው መካከል አስቀመጣትና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የመጨረሻዋ ናት» አለ። «ከእንግዲህ ቁርስ ስለሌለ ተመልሳ የምትመጣበት የለም። ዛሬ የወሰዳት ዕድሜ ልኩን ይዟት ይኑር።»

ዱዌን የጋራዡን በር ሳይከፍት ሞተሩን ወደ ኋላ እንደነዳ ነገረን። ጥሩ ጅልነት ነበር፣ በቀላሉ ያሸንፍ ነበር። ኦርቫል ከልማድ የተነሣ «ሌላ ተወዳዳሪ?» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ሲጠራ አራት ዓመት ፈጅቷል። ተነሣሁና ቁራጯን ከኪሴ አውጥቼ ከሽሮፑ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጥኳት። ጣሳው ውስጥ ነበረች፤ እኛ ቤት ምንም አይጣልም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ አልቆረጥኩም። ወገብሽን፣ ጠጠሩን፣ ማግኔቱን፣ የጨዉን ከረጢት፣ ራቱን ነገርኳቸው። ሰኞ ላይ ስደርስ ማኘክ አቆሙ።

መጀመሪያ የተናገረው ዱዌን ነው።

«እኔ እኮ ነኝ ያቀበልኳት» አለ። «በነዚህ በሁለት እጆቼ።» ዱዌን ሲያፍር አይቼ አላውቅም ነበር። ጆሮው ነው የሚቀላው።

ተነሥቶ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሯ አጠገብ የሚንቋቋ ጉልበቱን አጥፎ ተንበረከከ፣ እጁን ከፓራፋንጎው ሥር አስገባና የተቆረጠውን ብሎን ዳሰሰ። ከሱ በኋላ ኦርቫል ዳሰሰ። ሁላችንም አርጅተናል፤ አንዱ ሲንበረከክ ሌላው ክንዱን እየያዘ፣ ተራ በተራ የወጡት ሁሉ ዳሰሱ።

በርናዲን አልወጣችም። ስመለስ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«ያን ጊዜ ላቮን ሂልዳን ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ» አለች። «አጥባት ነበር። ዝገቷን ሁሉ አሽታ አስለቅቃ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ። ‹ወር ሊሞላት ነው እኔ ጋ፣ አንድም እንቁላል አልጣለችልኝም› ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ግቢና ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላኝ ሄደች። እኔ ደግሞ ኬክ ላቀርብላት ስል ለካስ...» አልጨረሰችውም። ሂልዳን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋቻት፤ ብረት እንጨት ላይ ሲንሸራተት ጥርስ ያማል። «ውሰዳት ዴልማር። ለሌላ ልስጣት ብትል እንኳ የሚቀበልህ የለም።»

በዚህኛው ጊዜ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ሂልዳ አሁን መቀመጫሽ ላይ ታስራለች፣ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ። መደገፊያው በጣም ይረዝምባታል፣ ላንቺ ተለክቶ ነውና የተሠራው። እስከ ዛሬ ጠዋት ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ተናግሬያለሁ። ለፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ለእንስሳት ሐኪሙ፣ ጎማ ሊያስነፋ ለቆመ ቄስ። ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ድንቹ ላይ ይስቃሉ፣ ሰኞ ላይ ያቆማሉ። ከአዮዋ የመጣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ብቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ታዲያ ኋላ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«አራት ዓመት?»

«አራት ዓመት።»

«እሷስ አልጠየቀችህም?»

«ምን ብላ ትጠይቅ? ምክንያቱ እሷ የሆነች ነው የመሰላት።»

ሂልዳን ከላይ እስከ ታች አያት። «ወንድሜ፣ ይህቺ ዶሮ ታንስብሃለች» አለኝና መኪናው ላይ ወጣ። እኔም በልቤ ልክ ነህ አልኩት።

እንግዲህ ወደ ጎን ያደረግሻትን ብረት አንሺያት። አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ናት፣ ለክቻታለሁ። ከፈለግሽ በአርሊስ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኚያት፤ ስድስት ግራም ትመጣለች። ጎማው ያማረረው ክብደት በሙሉ ይኸው ነው። ሌላ ክብደት አልነበረም፣ በዚያም ቀን አልነበረም፣ ከዚያም በፊት አልነበረም።

ተመለሺ አልልሽም፤ እንደዚያ ለማለት የሚያበቃኝ ነገር አላደረግኩም። ግን ናፍቀሽኛል። አትቁረጥ ተብያለሁና ይህንንም አልቆርጠውም። ሙሉ ድንች ስትበዪ ማየት ናፍቆኛል፣ ከጀርባዬ ሆነሽ «ዴል፣ መታጠፊያውን አለፍከው» ስትዪኝ መስማት ናፍቆኛል። መታጠፊያዎቹን አሁንም አልፋቸዋለሁ።

የፊታችንን ሳይሆን የሚቀጥለውን እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እኩለ ቀን ላይ ያንክተን እመጣለሁ። አርሊስ በር ፊት ያለው ጠጠር ላይ ሞተሯን አቆምና አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። በር አላንኳኳም። ሄልሜትሽንም አላመጣም፤ በፎጣው እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ አለልሽ። መውጣት ካልፈለግሽ በመስኮት እዪኝ፣ ይበቃኛል። እኔም አንቺን ዓመት ሙሉ በመስኮት ነው ያየሁሽ።

ከወጣሽ ግን፣ ወጥተሽም «ዶሮዋ ምንድን ናት?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ ደንቡ ደንብ ነው። እዚያው ቆሜ ዓይንሽን እያየሁ ከመጀመሪያው እናገራለሁ፣ አርሊስም ጎረቤቶቿም ይስሙ። ሁለቴ ብትጠይቂኝ ሁለቴ እናገራለሁ። በየእሁዱ ብትጠይቂኝ በየእሁዱ እመጣለሁ። እስከ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠይቆኛል፤ ሃያኛዋ እንድትሆኚ ቦታሽን ይዤልሻለሁ።

ሂልዳን የተሸከመው ባልሽ፣
ዴልማር